በጭራቸው የተለዩ አበቦች

ጋሼ መርፌ አርባ ዓመት ኮትና ሱሪ ሲሰፋ ኖሮ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት የቤቱን መጋረጃ በሙሉ ፈትቶ እንደ አዲስ ሰፋው። በአራተኛው ሳምንት ዓይኑ የሚስቱ ቀሚሶች ላይ ሲያርፍ፣ እሷ ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጡረታ የወጣኸው አንተ፣ ዕረፍት ያጣሁት እኔ» አለችው። «በል ሥራ ፈልግ።»

ደግነቱ ሥራው ራሱ ፈልጎት መጣ። የእህቱ ልጅ በአንድ የዕፅዋት ምርምር ማዕከል ሾፌር ናት። ማዕከሉ የደረቁ ተክሎችን ወፍራም ወረቀት ላይ በክር እየሰፋ የሚያስቀምጥ እጀ ቀላል ሰው ሲፈልግ፣ «አጎቴ አለላችሁ» ብላ ይዛው ሄደች። የክፍሉ ኃላፊ ቁጥብ፣ ለቃሏም ለወረቀቷም ጥንቁቅ ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ስፌቱን በማጉያ መነጽር አየችና «ጋሼ፣ ነገ ይጀምሩ» አለችው።

በሁለተኛው ወር አንድ ያረጀ ማህደር ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ውስጡ ከከተማው ጀርባ ካለው ኮረብታ በተለያየ ጊዜ የተለቀሙ ኦርኪድ የሚባሉ ሰላሳ አንድ የዱር አበቦች አሉ። ሙጫቸው ለቋል። ሁሉም የተጻፈባቸው ስም አንድ ነው። አበባቸው ነጭ፣ የታችኛው የአበባ ቅጠላቸው ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ፣ ከኋላቸው ደግሞ ማራቸውን የሚያጠራቅሙበት ቀጭን ቱቦ እንደ ጭራ ይንጠለጠላል።

ጋሼ መርፌ መስፋት ጀመረ። አምስተኛው ወረቀት ላይ ጭራው መርፌውን አስቸገረው። ስምንተኛው ላይም እንደዚያው። «ድርቀቱ ይሆናል» ብሎ አለፈ። አሥራ አንደኛው ላይ ግን መርፌውን አስቀመጠና ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ሃያ ሁለቱ ጭራቸው ከሁለት ሴንቲ አይበልጥም፤ ዘጠኙ አራት ሴንቲ ያልፋሉ። አበባው ግን እኩል ነው። ማንንም ሳይጠይቅ ወረቀቶቹን ሁለት ቦታ ከፈላቸው።

ኃላፊዋ ስትገባ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ማን ቀላቅሉ አለዎት? ቅደም ተከተላቸውን አጠፉት እኮ።»

«አልቀላቀልኩም፣ ለየሁ እንጂ። እነዚህ አንድ ዓይነት አይደሉም።»

«ተክል እንደዚህ ነው። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ሰው ሁሉ ቁመቱ እኩል ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለ ጋሼ መርፌ። «ግን የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ዘጠኙ ረጃጅም፣ ሃያ ሁለቱ አጫጭር፣ መካከለኛ የሚባል አንድም ሰው የሌለበት ሰፈር አላጋጠመኝም።»

ኃላፊዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ አበባ ወስዳ ለብ ባለ ውኃ ነከረች። አበቦቹ ሲለሰልሱ ማጉያው ሥር አኖረቻቸውና ጎንበስ ብላ ቆየች። የአጭሩ ጭራ ጫፉ ላይ እንደ ውኃ ጠብታ አብጧል፤ የረጅሙ እንደ መርፌ ሾሏል። ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ስድስት ዓመት ይህን ማህደር ስከፍትና ስዘጋ» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አሁን የሚያብቡበት ጊዜ ነው። ነገ ኮረብታው ላይ በሕይወት እንያቸው።»

በማግስቱ የእህቱ ልጅ ሁለቱንም ጭና ወጣች። ኮረብታው ላይ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ በጤዛው ሱሪያቸው ራሰ። ባለ አጭር ጭራው በየቦታው ነበር፤ እያንዳንዱን ተንበርክከው ለኩ። ረጅሙ ግን ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ አንድም አልተገኘም። ጋሼ መርፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «በዚህ ዕድሜዬ የተማረ ሰው ጭቃ ውስጥ አንከራተትኩ» ብሎ ተሸማቀቀ።

ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለለት። «ለመሆኑ የዘጠኙ ወረቀቶች ጽሑፍ የት ተገኙ ይላል?»

ኃላፊዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ወረደና ቆመ። «ከምንጩ በላይ። ጥላ ሥር። ይሄም ጥላ ሥር... ሁሉም ጥላ ሥር።»

እነሱ ግን ጠዋቱን ሙሉ ገላጣው ላይ ነበሩ። ወደ ምንጩ ሲወርዱ ሾፌሯ ቀደመቻቸው፤ ከዛፎቹ ሥር ቆማ እጇን አወዛወዘች። እግሯ ሥር አሥራ አራት አበቦች ነበሩ። ጋሼ መርፌ ሜትሩን ዘረጋ፦ አራት ሴንቲ ከምናምን። ያቺ ቁጥብ ኃላፊ ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ።

አንድ አበባና ፎቶዎች በሌላ ከተማ ላሉ የኦርኪድ ሊቅ ተላኩ። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፦ ሁለት ዝርያዎች ናቸው፣ ባለ ረጅም ጭራው በዚያ አካባቢ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። ኃላፊዋ ደብዳቤውን ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከዚያ በዘጠኙ ወረቀቶች ላይ «የለየው» ከሚለው ቃል ጎን የልብስ ሰፊውን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ጋሼ መርፌ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ወለወለ።

ማታ ለሚስቱ ሲተርክላት እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«እንግዲህ ፀጉሬን መቆረጤን ለማየት ሳምንት የሚፈጅብህ ሰውዬ» አለች፣ «የአበባ ጭራ በሚሊ ሜትር ታውቃለህ ማለት ነው።»

ቢሆንም እሑድ ጠዋት ቀድማው ጫማዋን ያሰረችው እሷ ናት። ገላጣውንም ምንጩንም አዞራት፤ የጭራውን ጫፍ በጣቱ ሳይነካ አሳያት። ሰባት ተክል መርጦ ፈተናት። ስድስቱን በትክክል ለየች። ሰባተኛው ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ነበር፤ «ረጅም ነው»፣ «አጭር ነው» እየተባባሉ እስከ ቤታቸው ደጃፍ ድረስ ተከራከሩ።