አፈሙዝ በአፈሙዝ ውስጥ

ዘርአ ዳዊት ከመዘዞ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን መሬት የያዘው በጠመንጃ ነበር። ክተት በተባለ ጊዜ ከዚያ ቤት አንድ ሰናድር ጠመንጃና አንድ ተኳሽ ይወጣል፤ ካልወጣ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ተኳሹ ራሱ ነበር። አሁን ግን አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም ከጥላ በቀር አያይም፤ ይህንንም ከልጁ ከታመነና ከምራቱ ከሸዋወርቅ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ገብሱ ሲያሽት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ይሰፍርበት ጀመር። ወንጭፉን ለመደው፣ ጩኸቱንም ናቀው። ለሰናድሩ የቀሩት ጥይቶች ሰባት ብቻ ነበሩና በዝንጀሮ ላይ የሚባክኑ አልነበሩም። አንድ ሲራራ ነጋዴ ጥቃቅን ጥይት በከረጢት ይዞ ቢመጣ ታመነ በሁለት በግ ለወጠው። ጥይቱ የትንሽ ጣት ጫፍ አይሞላም፤ ቀለሁን መሐሉን ሳይሆን ጠርዙን ሲመቱት ነው የሚተኮሰው። በሰናድሩ ሰፊ አፈሙዝ ውስጥ ግን እንደ ባቄላ የሚንከባለል ሆነ።

አባትና ልጅ አንኮበር ድረስ ሄደው ብረት ሠሪውን ወልደተንሣኤን አማከሩ። እርሱም ከተሰበረ የፈረንጅ ጠመንጃ የተረፈ፣ ለዚያ ጥይት ልክ የሆነ ቀጭን አፈሙዝ አወጣ።

«ሁለት መንገድ አለው፣ ጌታዬ» አለ። «አንደኛው፣ ይህን ቀጭኑን በናስ ጠቅልዬ በትልቁ አፈሙዝ ውስጥ እሰካዋለሁ። ቀለሁን የሚወጋውንም ሹል ብረት ሁለት አድርጌ እሠራለሁ፤ አንዱ የትልቁን ጥይት መሐል፣ አንዱ የትንሹን ጠርዝ እንዲመታ። ሲፈልጉ ይነቅሉታል፣ ጠመንጃው የጥንቱ ሰናድር ይሆናል። ነገር ግን የተሰካ ነገር መነቃነቁ አይቀርም፤ ጠዋት የመታ ከሰዓት ይስታል።»

«ሁለተኛውስ?» አለ ታመነ።

«ትልቁን አፈሙዝ ፈትቼ አወጣና ቀጭኑን በቦታው ለዘለቄታው አስረዋለሁ። አይነቃነቅም፣ አይስትም። ከዚያ ወዲያ ግን የዝንጀሮ ጠመንጃ ነው፤ ለጦር አይጠራም።»

ታመነ አባቱን በክንዱ ይዞ ወደ ደጅ አወጣው። «አባቴ፣ ሁለተኛው ይሁን። እርስዎ አያዩም፤ ክተት ቢባል የምወጣው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የገበሬ እንጂ የጦር እጅ የለኝም። ሸዋወርቅም ነፍሰ ጡር ናት።»

«መሬቱሳ?»

«በግብር እንያዘው። እንደ ጎረቤቶቻችን ገባር እንሁን።»

ዘርአ ዳዊት ገባር የሚለውን ቃል ከልጁ አፍ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። በሠርግ ቤት ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ጭቃ ሹሙ ሲያልፍ ከበቅሎው ወርዶ እጅ እንደሚነሣው አሰበ። ልጁ የለመነውንም ሰምቷል። አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ተመልሶ ገባና «ይሰካ» አለው ብረት ሠሪውን።

ከተመለሱ በኋላ ታመነ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ተኝቶ ይተኩሳል፤ ከሦስት አንዱ ቢያገኝ ነው። ያም ሆኖ የገብሱ እኩሌታ ለአውድማ በቃ።

ጥር ላይ ወደ አርሲ ክተት ተባለ። የአለቃው መልእክተኛ ደጁ ላይ ቆሞ ጠመንጃውን ተቀበለ።

«እርሱ እኮ የዝንጀሮ ነው» አለች ሸዋወርቅ ከበሩ ሥር።

መልእክተኛው የተሰካውን አፈሙዝ መዝዞ መሬት ላይ ጣለና በትልቁ አፈሙዝ ውስጥ አሻግሮ ወደ ሰማይ አየ። «ንጹሕ ነው። ማን ይዞት ይወጣል?»

«እኔ» አለ ዘርአ ዳዊት ቀና ብሎ።

ሰውየው ጥቂት አየውና እጁን ወደ ፊቱ ዘረጋ። «ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት።»

መልእክተኛው የዘረጋው ጭብጡን ነበር። ማንም አልሳቀም። ታመነ ገብቶ ጋቢውን አመጣና ጠመንጃውን ከሰውየው እጅ ወሰደ። የአባቱን ጉልበት ሳመ። ዘርአ ዳዊት የልጁን ራስ ሊዳብስ እጁን ሲሰድ ልጁ ቀና ብሎ ኖሮ ያገኘው ነፋስ ነው።

የዘመተው ጦር ሰኔ ላይ ተመለሰ። ወሬውን ያመጣው የጎረቤት ሰው ወልደአረጋይ ነበር። ታመነ በጦር አልሞተም፤ አዋሽ ዳር በንዳድ ሦስት ቀን ተኝቶ፣ በአራተኛው ቀን ቀብረውት መጡ። አለቃው ሟቹ በዘመቻ ላይ ነበርና መሬቱ አይነካም ብሎ ልኳል።

«አይነካም» አለ ዘርአ ዳዊት ቃሉን ደግሞ።

ሸዋወርቅ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ክርስትና አስነሥታ፣ የባሏን ተዝካር አውጥታ ስታበቃ ወንድሟ ከእነዋሪ ሊወስዳት መጣ።

«ልጄ፣ መሬቱ እኮ የዚች ሕፃን ነው» አላት ዘርአ ዳዊት።

«ማን ያርሰዋል፣ አባቴ?» አለችው። በቁጣ አልነበረም፤ እርሱም ቁጣ በሆነ ብሎ ተመኘ።

እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዱላ እየዳሰሰ ሸኛቸው። እዚያ ሲደርሱ ሕፃኗን ክንዱ ላይ አኖረችለት። ሳማት፣ ስሟን ጠራ፣ መልሶ ሰጠ። የበቅሎዋ ኮቴ ከጠፋ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ከገበያ የሚመለስ አንድ መንገደኛ አይቶት ቆመ።

«አባቴ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ቤቴ።»

«ቤትዎ የት ነው?»

ዘርአ ዳዊት በዱላው ቤት ወደሌለበት ባዶ ገደል አመለከተ። መንገደኛው ትከሻውን ይዞ በቀስታ ጎጆ ወደሚታይበት አቅጣጫ አዞረውና ይመራው ጀመር።