ወርቁ የቀለጠበት እምቢታ

ሟች ወንድሟን በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ሁሉም «ግትሩ» ይሉት ነበር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እዚያ የሚያስታውስ የለም። የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም። ትቶት የሄደው ጥፍር የምታህል አንዲት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ራሱ አድቅቆ፣ ራሱ ጠፍጥፎ፣ ራሱ በእሳት ያበሰላት። እህቱም ሙያዋ ያው ነውና፣ ዛሬ ምድጃ ውስጥ ከትታ ኤሌክትሪክ ልታሳልፍባት ነው።

ነገሩ የተማሩት እንደሚያወሳስቡት አይደለም። በደህና ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ባዶ መንገድ እንዳገኘ ሰው ይራመዳል። በዚያች ድንጋይ ውስጥ ግን ጢም ብሎ የሞላ አውቶቡስ ነው፤ አንዱ ካልተላወሰ ሌላው አይላወስም። ሙቀት ሲጨመር ግፊያው ይብሳል፣ ድንጋይዋም ኤሌክትሪኩን አላሳልፍም ትላለች። ይህንኑ «እምቢታ» ብለው ይለኩታል፤ ከሙቀቱ ጋር ሲያድግም መለኪያው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ሆኖ ይታያል።

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። የቤተ ሙከራው አለቃ፣ «ግፊያው የቱንም ያህል ቢብስ እርምጃ ከራስ ጫማ አያጥርም፤ እምቢታው የሆነ ቦታ ሲደርስ ያበቃለታል፣ መስመሩም ይጎብጣል» ባይ ነው። ግትሩ «አይጎብጥም» እንዳለ ሞተ። ዛሬ ከጎበጠ፣ ዕድሜውን ከጨረሰበት ሥራ ላይ ስሙ ይፋቃል።

«እስቲ የወንድምሽን ጉድ እንየው» አለ አለቃው ወንበር እየሳበ።

«ጋሼ፣ ሙት መዝለፍ ጀግንነት ሆነ እንዴ?»

«በቁሙም ዘልፌዋለሁ። አልሰማኝም እንጂ።»

ምድጃው ቀላ፤ መስመሩ ወጣ። ምድጃው ነጣ፤ መስመሩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። የአለቃው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«መንገዱ አልቆ በምን ይሄዳል?» አለ፣ ድምፁ አንሶ።

እህትየዋ በሆዷ እልል አለች። ምድጃው በርዶ በሩን ስትከፍት ግን ክው አለች። ድንጋይዋን ከመለኪያው የሚያገናኙት ሽቦዎች የሉም! እሳት የሚችለውን ሽቦ ትታ በጥድፊያ የወርቁን አስራ ኖሯል፤ ወርቅ ደግሞ ገና መስመሩ ሳይጋመስ ይቀልጣል። ጠብታ ጠብታ ሆኖ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል ሲባል ነው የምናውቀው። ወርቁ ራሱ ሲቀልጥ ምን ይቀራል? ያን ሁሉ ቁጥር ሲናገር የነበረው ማን ነው?

አለቃው ጀርባውን ሰጥቷል። ዝም ብትል የወንድሟ ስም ይጸናል። ግትሩ ግን፣ «ያልነካ ሽቦ ምስክር አይሆንም» ይል ነበር። እሱን በውሸት ልታኮራው?

«ጋሼ፣ ሽቦው ቀልጧል። አይቆጠርም።»

«ተገላገልን! በይ እንግዲህ ስሙን…» ብሎ ሲዞር ዓይኑ መለኪያው ላይ ተተከለ።

መለኪያው ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ቁጥሩ ግን በርቷል።

ድንጋይዋን በመቆንጠጫ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። መዳፏን አስጠጋች፤ የእጇ ሙቀት ድንጋይዋ ጋ ሲደርስ ቁጥሩ ወጣ። እጇን ሰበሰበች፤ ወረደ።

«ስሙን… ልፋቀው?» አለ አለቃው፤ እሷን ይጠይቅ ድንጋይዋን አይታወቅም።

ማንም አልነካትም፣ ማንም አልቀረባትም። ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

እህትየዋ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «ያው ነው ጋሼ፤ እምቢ አለዎት።»