ዓይኑን የከደነው እጅ

የመጀመሪያው ኩባያ ሻይ ዛሬም ወደ ኦርየታ መጣ።

«ለእሷ፣ መጀመሪያ ለእሷ» አለች ጸሎት መሪዋ ዶኛ ኤዱልያ፣ ትሪ ይዛ የገባችውን ጎረቤት በአገጯ እየመራች። «ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት።»

ኦርየታ ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። በዚህ የቫልፓራይሶ ኮረብታ ሰው ሲሞት ዘጠኝ ምሽት ይጸለይለታል፤ በዘጠኙም ምሽት የሟቹን ዓይን የከደነ ሰው ከመበለቷ በስተቀኝ ይቀመጣል። ሻዩም ዳቦውም ከእሱ ይጀመራል። ለቀስተኛ ሲገባ መጀመሪያ መበለቷን፣ ቀጥሎ እሱን ያቅፋል። ዛሬ ሰባተኛው ምሽት ነበር። ኦርየታ ሰባት ምሽት በዚያ ወንበር ተቀምጣለች፣ ሰባት ምሽት ታቅፋለች። የአባቷን ዓይን ግን አልከደነችም። ሲሞት አጠገቡ አልነበረችም።

ይህን የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

እናቷ ሉስሚራ ለገባ ሁሉ ያንኑ ትናገራለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል፤ እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ግን ይለሰልሳል። «እጇን ይዞ ነው የሞተው። ‹ለሉስሚራ ንገሪያት፣ ባሕሩን አየሁት› አላት።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ትናንት ደግሞ ለድንጋይ ቀራጩ ለዶን ሴቬሮ ልካበት፣ በመቃብሩ እብነ በረድ ላይ ከስሙ ሥር ያን ቃል እንዲቀርጽላት ተስማምተዋል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መጥቶ ቃሉን በወረቀት አስጽፎ ይወስዳል። የምትጽፈው ኦርየታ ናት። አስተማሪ ናት፣ የእጅ ጽሕፈቷም ያምራል።

ከደጅ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ስለ አባቷ ስለ ኤራስሞ ሲያወሩ ይሰማ ነበር። ጮክ የሚለው አርባ ዓመት አብሮት ወደብ ላይ የመርከብ ገመድ ሲያስር የኖረው አበልጁ፣ ኮምፓድሬው ጋስቶን ነው።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ቁጭ ይላል። የኔው ኮምፓድሬ ሻንጣ አዘለ!»

«በገዛ ከተማው መንገድ ሲጠይቅ ነበር እኮ» አለ ሌላው፤ ሳቁ። ከዚያ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ኦርየታ አቀረቀረች።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነበር። በየበጋው ከየአገሩ የሚመጡት ሻንጣ ያዘሉ ቱሪስቶች ላባቸው እየተንጠፈጠፈ በኤራስሞ ደጅ ያልፋሉ። ውሃ ይሰጣቸዋል፣ ከየት እንደመጡ ይጠይቃቸዋል፣ በዓመቱም ስማቸውን አይረሳም። «እኔ ምንም ሳላየው የኖርኩትን ለማየት ግማሽ ዓለም አቋርጠው ይመጣሉ» ይል ነበር። ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ወር፣ ከእንግዳ ማረፊያው አንድ የተረሳ የጀርባ ሻንጣ ለምኖ አመጣና ልጁን ሦስት ቀን ስጪኝ አላት። ሁለቱን ቀን ቫልፓራይሶን እንደ እንግዳ ሊዞሩ፣ በሦስተኛው ከከተማው ውጭ ባለ ፓርክ ውስጥ ያለውን የላ ካምፓናን ተራራ ሊወጡ። ከጫፉ ላይ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን በረዶ የለበሱት ተራሮች ይታያሉ።

ኦርየታ እሺ ያለችው እምቢ ማለት ስላፈረች ነው።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀመሩ፤ እሱ ነው ከዚያ ካልጀመርን ሞቼ እገኛለሁ ያለው። እዚያው በር ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ቲማቲም ለሸጠችለት ሴት ኮፍያውን አንሥቶ፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ወደ ኮረብታው የሚያወጣው ደረጃ በየት ነው?» አላት።

«ኤራስሞ፣ ጠጥተሃል እንዴ?»

«ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው እንኳን ደህና መጣህ። ሚስትህ ሽንኩርት ገዝታ አሁን በዚያ ወጥታለች፣ ተከተላት።»

ከሻንጣው ጎን መጥበሻ አንጠልጥሎ ነበር፤ በየደረጃው ይንኳኳል። ከየሰገነቱ «ግሪንጎው መጣ! ፈረንጁ መጣ!» ሲሉት በሁለት እጁ ሰላምታ ይመልሳል። ኦርየታ ማንም ያልደወለበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሃያ ደረጃ ቀድማው ትወጣለች። የተማሪዎቼ ወላጆች ቢያዩኝስ እያለች። ያደሩት ከገዛ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ማረፊያ ነበር። ጠዋት በመስኮት ሉስሚራ አንሶላ ስታሰጣ አያትና «ኦርየታ፣ ነይ እዪ፣ የአገሬው ሴት እንዴት ታምራለች» ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሉስሚራ በአንሶላው መለሰችለት። ኦርየታ ያን ጊዜ አልሳቀችም፤ ሻንጣዋን ታስር ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ ጸሎቱ ሊጀመር ሲል፣ ፀሐይዋ ገና ወደቡ ላይ ሳለች፣ አንዲት ሴት እያለከለከች ደረጃውን ወጣች። ከሃምሳ ያለፈች፣ ደልደል ያለች፣ ትልቅ አረንጓዴ ሻንጣ ያዘለች። የኤራስሞን ቤት ጠየቀች። ጋስቶን ሻንጣዋን ከላይ እስከ ታች አየና ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «እሱው ነው የላከዎት፣ ይግቡ» አላት።

ኦርየታ ከወንበሯ ሆና አየቻት።

ተራራው ላይ፣ አንድ ምንጭ አጠገብ ያገኘቻት ሴት ናት።

ያን ቀን ኤራስሞ ከጠዋት ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ወሬ ይጀምር ነበር። ከየት ነህ፣ ከየት ነሽ፣ እኔ የወደብ ሰው ነኝ፣ ይኸው ሦስተኛ ቀናችን። መጥበሻው እሱ ሳይታይ ይሰማል። ኦርየታ ቀድማ ምንጩ ጋ ደርሳ ከማታውቃቸው ወጣቶች ጋር ተቀምጣለች። ይህቺ ሴትም እዚያው ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ከታች የሚመጣውን ድምፅ ሰማችና ሳቀች።

«ባለመጥበሻው አባትሽ ነው?»

«አይደለም» አለች ኦርየታ። «አውቶቡስ ላይ ነው የተገናኘነው።»

ወጣቶቹ ይሰሙ ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንኳ ለምን እንዳለችው አላወቀችም። ከዚያ እሱ ደርሶ «ልጄ» ብሎ ሳይጠራት ተነሥታ፣ ከወጣቶቹ ጋር መውጣቱን ቀጠለች። ከመታጠፊያው ላይ ሆና «ቀስ ብለህ ና፣ ጫፉ ላይ እጠብቅሃለሁ» ብላ ጮኸችለት። አባዬ አላለችውም።

ጫፉ ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች። ስትወርድ፣ ከአንድ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ በታች ሰዎች አንድ ድንጋይ ከብበው ነበር። ድንጋዩ ላይ አባቷ ነበር፤ ዓይኑ ተከድኗል። ከፓርኩ ጠባቂዎች ቤት ስልክ ስትደውል እናቷ መጀመሪያ የጠየቀቻት «አጠገቡ ነበርሽ?» ብላ ነው። አዎ አለች። «ምን አለ?» አለች እናቷ። የመጀመሪያው ውሸት ብቻውን መቆም ስላልቻለ ሁለተኛውን ጠራ።

እንግዳዋ ሴትዮ ገብታ ሉስሚራን አቀፈች። ዙኒልዳ እባላለሁ አለች፣ ከባሕር ርቃ ካለችው ከቺያን ከተማ ነኝ፣ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፣ ያን ቀን ተራራው ላይ ነበርኩ። ሉስሚራ እጇን ሳትለቅ ወንበር አስመጣችላትና ለሁሉም የምትናገረውን ለእሷም ነገረቻት፤ ልጄ እጁን ይዛው ነበር፣ ባሕሩን አየሁት በያት አላት። ዙኒልዳ ሰምታ ስትጨርስ ኦርየታን አየቻት። ብዙ አላየቻትም።

«ጨዋታ አዋቂ ነበሩ» አለች።

ኦርየታ ለእንግዳዋ ውሃ ልስጥ ብላ ተነሣች። ዙኒልዳም ኩሽና ድረስ ተከተለቻት።

«ላሳጣሽ አልመጣሁም» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለእናትሽ መልእክት አለኝ። የሟች አደራ ስለሆነ ሳላደርስ አገሬ አልገባም።»

ኦርየታ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋችው። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ዙኒልዳ በአጭሩ ነገረቻት። ኤራስሞን ያገኘችው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። አረፍ እያልኩ ነው አላት። የጫማዬን ክር ፍቺልኝ ብሎ ለምኗት ፈታችለት። ስለ ዓሣ ሾርባ አወሩ፤ የእናንተ አገር ሰው አይችልበትም ብሎ ቀለደባት። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ላይ ተጣርቼ ሰው ላምጣ አለችው።

«‹ልጄ እላይ ናት፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰችው› አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጣራ ስል እጄን ያዙኝ። ‹አትጥሪያት› አሉ። ‹ትድረስ። እኔን ስትጠብቅ ሁለት ቀን ደክሟታል።›» ዙኒልዳ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዓይናቸውን ከድኜ ጠባቂዎቹን ልጠራ ወረድኩ። ለዚህ ነው ያልተገናኘነው።»

«እርስዎ ምንጩ ጋ ያልኩትን ነገሩት?»

«ምን ቆርጦኝ!» አለች ዙኒልዳ። «ግን ልጄ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቀድመሽ ስትሄጂ ያያል እኮ ሰው። ዓይን ነበራቸው።»

ኦርየታ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ከእነዚህ ስምንት ቀኖች ሁሉ የከበዳት ይህ ሆነ። እናቷ አታውቅም፣ ኮረብታው አያውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። እያወቀ ከኋላዋ መጥበሻውን እያንኳኳ ይወጣ ነበር።

ዙኒልዳ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እንደፈለግሽ አለቻት። መልእክቱን እኔ እናገራለሁ፣ ወይም አንቺ ከአፉ ሰማሁ ብለሽ ተናገሪ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ስለምሄድ ማንም ከእኔ የሚሰማው የለም። መልእክቱንም በጆሮዋ ነገረቻት።

መውጫው ይኸው ተከፍቷል። አንድ እውነተኛ ቃል ከውሸቱ ጋር ቀላቅላ ብትናገር ማንም አይለየውም። ነገ ዶን ሴቬሮ ይመጣል፣ እሷም በሚያምረው ጽሕፈቷ ትጽፍለታለች፣ እሱም በመሮ ይቀርጸዋል፤ ድንጋይ ደግሞ አይሰረዝም። ከሳሎን ዶኛ ኤዱልያ «ኦርየታ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» ስትል ተሰማ።

ገባች። ወንበሯ ላይ ግን አልተቀመጠችም።

«እማ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ አይደለሁም።»

«ደክሟታል፣ አትስሟት» አለች ዶኛ ኤዱልያ።

ኦርየታ ከምንጩ ጀመረች። የተጠየቀችውንና የመለሰችውን፣ እንዴት ተነሥታ እንደሄደች፣ ጫፉ ላይ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠች፣ በስልክ አዎ ስትል ምን ስታስብ እንደነበር ተናገረች። ጥፋቷን ለማሳነስ አንድ ቃል አልጨመረችም። «ባሕሩን አየሁት ያለው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ብላ ስትጨርስ፣ በሩ ላይ የቆመው ጋስቶን ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ነበር።

«ታዲያ እኛ ሰባት ምሽት ያቀፍነው ማንን ነው?» አለች ዶኛ ኤዱልያ።

ኦርየታ ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች ነበር። ሉስሚራ ልጇን አላየቻትም። ቀስ ብላ ወደ ዙኒልዳ ዞረች።

«ምን አለ?»

«‹ስለ ጫማው ልክ ነበርሽ በያት› ነው ያሉኝ።»

ሉስሚራ አፏን በመዳፏ ያዘች። መጀመሪያ የወጣው ሳቅ ነበር፤ እሷ ራሷ ደነገጠች።

«ቁጥሩ ያንስሃል አልኩት። ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ፊት። ሲሄዱበት ይለጠጣል አለኝ፣ ይኼ ግትር።» ሳቁ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። «አርባ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ልክ ነሽ ብሎኝ አያውቅም።» በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በልቤ ብዬ ነበር እኮ። ስድሳ ሰባት ዓመት አፍንጫው ሥር የኖረ ባሕር፣ አሁን ምን አዲስ ነገር ሆኖበት ነው መልእክት የሚልክብኝ? ሞት ነው እንዲህ የሚያናግር ብዬ ዝም አልኩ።»

ዙኒልዳን ጎትታ በስተቀኟ አስቀመጠቻት። ዶኛ ኤዱልያ መቁጠሪያዋን አነሣች። ኦርየታ እስከ መጨረሻው በሩ አጠገብ፣ ወንዶቹ መካከል ቆማ ጸሎቱን ተቀበለች። ሲወጡ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀላት፣ አንዳንዱ እንዳላያት አለፈ።

በማግሥቱ ዶን ሴቬሮ መጣ። ሉስሚራ ደጅ ላይ ቆማ፣ ስሙና ዓመቱ ይበቃዋል ብላ መለሰችው። ከዚያ ገብታ ውሃ ጣደች። ከትናንት ጀምሮ ለልጇ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ኦርየታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጫፉ ላይ ምን ታየሽ?» አለች ሉስሚራ ድንገት፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

ኦርየታ ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር። ባሕሩ፣ መርከቦቹ፣ የበረዶው ነጸብራቅ። እናቷ ያን ብትሰማ ደስ ይላት ይሆናል።

«ምንም» አለች። «ደመና ነበር። በሁለቱም በኩል ነጭ ነው።»

«ታዲያ ሃያ ደቂቃ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ይገለጣል ብዬ እየጠበቅኩ።»

ሉስሚራ ሻዩን ቀዳች፣ መጥታ ተቀመጠች፣ ዳቦውን አነሣችና እንደ ድሮው በእጇ ሦስት ቦታ ቆረሰች። አንዱን ቁራሽ ልጇ ፊት አደረገች። አንዱን ለራሷ። ሦስተኛው እጇ ላይ ቀረ። ጠረጴዛውን አየች፤ የምታኖርበት አጥታ በመዳፏ እንደያዘችው ቆየች።

ኦርየታ እጇን ዘረጋችና የእናቷን መዳፍ ከሥር ደገፈችው።