የሁዳዴ ሳምንት ዝርዝር

የሽዋስን ከደበቅነው ወዲህ ቤታችን ምግብ ይበላሽ ጀመር። የሽዋስ የልጄ የደስታነሽ ልጅ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ፣ ለቀበሌውም ለጎረቤቱም "ሁመራ ለሥራ ሄዷል" አልንና ጓዳ ውስጥ ከጎታው ጀርባ አስተኛነው።

እኔ ደግሞ ስፈራ እጄ አይመጥንም። እንዳይርበው እያልሁ ድስቱን እሞላዋለሁ። ተዘግቶ የዋለ ልጅ ምን ይበላል! ወጡ ይኮመጥጣል፣ እንጀራው ይሻግታል። ስደፋው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጓሯችን ይሰበሰባል።

"እማዬ፣ ይኼ ውሻ ሊያስይዘን ነው" አለችኝ ደስታነሽ።

እናም ወረቀት አነሣሁ። መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፤ እጄ ቢንቀጠቀጥም ጽሕፈቴ ይነበባል። በገበያ ዋዜማ ጓዳውን እፈትሻለሁ፤ ያለውን እጽፋለሁ፤ የጎደለውን ብቻ እገዛለሁ። ከዚያ የየቀኑን። ጎመን ቶሎ ስለሚጠወልግ ከገበያ በማግስቱ ይሠራል፤ ድንች ይቆያል፣ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ። የሰኞ ምስር ከተረፈ ማክሰኞ ይፈተፈታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚደፋ ጠፋ። ውሾቹም ሌላ ጓሮ ፈለጉ። ወረቀቱን ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት፤ ኩራትም ነበረኝ፣ አልዋሽም።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ወባ ያዘው። የንስሐ አባታችን "ክኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም፣ ጠዋት ይቅመስ" ብለው ፈቀዱለት። አፉ መሮት ነበርና ሎሚ ካልተጨመቀበት አይወርድለትም። እሱንም ጻፍሁት። የሚረሳ ነገር ያስጨንቀኛል።

ጎረቤቴ ካሰች ወንፊት ልትዋስ መጣች። ካሰችና እኔ መሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጥነው። ደስታነሽ ወልዳ በታመመች ጊዜ የሽዋስን ከራሷ ልጅ ከባዬ ጋር ሁለቱን አንድ ላይ አጥብታቸዋለች፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ቢሆንም ለእሷም ሁመራ ነው ያልናት።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ቤትሽን መሥሪያ ቤት አደረግሽው?" አለች ግድግዳውን እያየች።

ነገርኋት። የጎመኑን ነገር፣ የድንቹን ነገር።

"ስጭኝማ ልገልብጠው። በሴቶች ማኅበሩ ስብሰባ ቁጠባ ቁጠባ ሲሉን አይደል የሚውሉ? አንብቤላቸው አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ።"

በልቤ አንድ ጊዜ ቃኘሁት። እንጀራውን ለሁለት ሰው የሚበቃ አስመስዬ ነበር የጻፍሁት። ምንም የለበትም አልሁና ነቅዬ ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

"ሰኞ ጠዋት፣ ሽሮ ፍትፍት፣ ሎሚ። ማክሰኞ ጠዋት... ኧረ ሀብትነሽ! በሁዳዴ ጠዋት መብላት ጀመርሽ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንጀቴ ሲጮህ፣ አንቺ ሎሚ ታስጨምቂያለሽ?"

ደነገጥሁ። "ለዶሮዎቹ ነው" አልሁ።

"ዶሮ በሎሚ!" ብላ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። የጓዳውን በር አየች፤ እኔን አየች። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።

"ነገ እመልስልሻለሁ" አለች። ወንፊቱን ረስታ ሄደች።

ደስታነሽ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። "ዛሬውኑ ወደ ማንኩሳ እናውጣው" አለችኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። ትኩሳቱ አልለቀቀውም፣ መንገድ ላይ ይወድቅብኛል ብዬ። ደግሞስ ብታውቅ? ካሰች አይደለች? ጡቷን የጠባ ልጅ ነው አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ታጣቂዎች መጡ። ሌላ ቦታ አልፈለጉም፤ በቀጥታ ወደ ጎታው ሄዱ። አንደኛው ወረቀቴን ይዟል።

"እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚ የሚጠጡት ዶሮዎች የት አሉ?" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። የሽዋስን ከነብርድ ልብሱ አወጡት።

ዶሮ ያልሁት ለካሰች ብቻ ነበር።

ደጃፏ ላይ አገኘኋት። አልሸሸችም።

"ባዬ ተጠርቶ ነበር" አለች። "ከሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ጎደለን አሉኝ። ያንቺ ተደብቆ የኔ ይሂድ?"

"አጥብተሽዋል እኮ፣ ካሰች።"

"ባዬን ደግሞ ወልጄዋለሁ።"

ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ዳኛ ፊት ብቆም እንኳ ምን እላለሁ? ልጅ መደበቄን ነው የምከስሰው?

ደስታነሽ አልጋ ላይ ወድቃ ቀረች። እኔ ድርቆሽና በሶ ቋጥሬ፣ የቀረውን ክኒን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በጭነት መኪና ቡሬ ገባሁ። ለውትድርና የተያዙትን ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አጉረዋቸዋል። ዙሪያው በእናት ተሞልቷል። ስሙን ስጠራ ስጠራ ወደ አጥሩ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል። በእጁ ግማሽ ድፎ ዳቦ ይዟል።

"ማን ሰጠህ?"

"እማ ካሰች። ትናንት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች።"

አጥሩን ያዝሁ።

"ምን አለችህ?"

ፊቱን ወደ መሬት አደረገ። "እማ፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ለሴቶች ማኅበር የሰጡ እርስዎ ነዎት አለችኝ። ሊመሰገኑበት። እውነት ነው? ጽፈውኝ ነበር?"

"አንተን አልጻፍሁም፣ ልጄ። ቁርስህን ነው የጻፍሁት።"

ይኸን ስል ለራሴም ጆሮ አስጠላኝ። ስለ ዶሮው፣ ስለ ሳቋ፣ ስለ ባዬ ልነግረው አፌን ስከፍት ፊሽካ ተነፋ። ክኒኑን ተቀበለኝ። ስንቁን አልተቀበለኝም።

"ዳቦው ይበቃኛል" አለ። ጉልበቴንም ሳይስም ወደ ሰልፉ ሄደ።

"ካሰች ናት! የሽዋስ፣ ካሰች ናት!" እያልሁ ጮህሁ። በዙሪያዬ ያሉት እናቶች ሁሉ የየልጃቸውን ስም ይጠራሉ።

"እማማ፣ ከአጥሩ ዞር ይበሉ" አለኝ ዘበኛው።