የባሽር ቀኝ እጅ

ባሽር ዕድሜውን ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ እሱ ጋቢና ካለው ተሳፋሪ ጋር ወሬውን ይሰልቃል፤ ቀኝ እጁ ሳያዘው ማርሹን ይቀይራል። ስትሮክ የመታው ዕለት ያ እጅ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋደመ።

ክረምቱን ሙሉ ሚስቱ ጀሊላ እጅ ሆነችው። ባሽር በግራ እጄ ከምበላ ብሞት ይሻለኛል ይላል። ስለዚህ ቁርስም ምሳም እራትም ታጎርሰዋለች። ጎረቤቷ ዊዳድ እንደ ሙሽራ አሞላቀቅሽው እያለች ስትቀልድባት፣ ጀሊላ ደስ ነው የሚላት።

ደሴ ላይ እጁን እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ ወንጌላዊት ትባላለች። አንድ ቀን፣ ቤት ውስጥ በዚህ እጁ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። ጀሊላ ኮራ ብላ፣ እኔ እያለሁ ማንኪያም አያነሣም አለቻት። ልጅቷ ነገሩን አስረዳቻቸው። ጡንቻው ደህና ነው። ትእዛዝ ከአንጎል ይነሣና በጀርባ አጥንት ወርዶ፣ በነርቭ አድርጎ ጡንቻው ጋ ይደርሳል። ጡንቻውም የት እንደደረሰ ለአንጎል መልሶ ይነግራል። የተበላሸው መነሻው ላይ፣ አንጎሉ ውስጥ ነው።

«ሐረጎ ተንዶ መንገድ ሲዘጋ ምን ታደርጉ ነበር?» አለችው።

«ተለዋጭ» አለ ባሽር፣ በተሳሰረ ምላሱ።

አንጎልም ተለዋጭ መንገድ ይከፍታል አለች፤ ግን እጁ ሲሞክር፣ ሲስት፣ ደግሞ ሲሞክር ነው። ይበልጥ የሚከፍተው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

«እትዬ ጀሊላ፣ እስከዛሬ የተለማመደው የእርስዎ እጅ ነው።»

ጀሊላ ነደዳት። ባል አግብታ የማታውቅ ልጅ ስለ ባል ረሃብ ምን ታውቃለች ብላ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እስኪገቡ አጉረመረመች። ሐረጎ ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ግን ዓይኗ ባሽር ጉልበት ላይ አረፈ። የቀኝ ጣቶቹ ጨበጥ ሊሉ ሞክረው ተውት። የሚቀጥለው ኩርባ ላይም እንዲሁ። ጀሊላ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ዓይኗን ከጣቶቹ አልነቀለችም።

ቤት ገብተው ምሳ ቀረበ። ባሽር እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ።

«እጅህ አለልህ» አለችው።

እጁን እየጎተተ ትሪው ጠርዝ አደረሰው። እንጀራው ከጣቱ አመለጠ። ደግሞ ሞከረ፤ ወጡ ጭኑ ላይ ፈሰሰ።

«አጉርሺኝ።»

«አላጎርስህም።»

«ርቦኛል፣ ጀሊላ። ጠላሽኝ እንዴ?»

መልስ ልትሰጠው ስትል፣ የገዛ እጇ እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ ባሽር አፍ ግማሽ መንገድ ሄዷል። እሷ አላዘዘችውም። ደነገጠች። ጉርሻውን ከትሪው መለሰችና ሻሿን ከራሷ ፈታ፣ በግራ እጇና በጥርሷ እየሳበች ቀኟን ከተቀመጠችበት ወንበር እግር ጋር አሰረችው።

ባሽር ሻሹን አየ፣ እሷን አየ። እንባው ወረደ። ያን ሁሉ ወር ይህን እጇን እንዲህ አስሮ የሚይዝላት ሰው እንዳልነበረ እያሰበች እሷም ዓይኗ ሞላ፤ ግራ እጇ ግን ቋጠሮውን እንደያዘ ስለነበር አልጠረገችውም። በግራ ደግሞ እሷም አትበላም።

ወጡ በረደ። የባሽር ጣቶች ትሪው ላይ እየተንፏቀቁ ቀጠሉ።