ጀርባው የተላጠው ሲዲ

ጥፍሬ ላይ ብርማ ነገር መኖሩን ልብ ያልኩት ሲዲውን ፍቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የጥፍር ቀለም መሰለኝ። እኔ ደግሞ የጥፍር ቀለም ተቀብቼ አላውቅም።

ሲዲው የሰርጌ ቪዲዮ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ልጃችን ሳትወለድ ነው የሞተው። ፎቶው ሞልቷል፤ ድምፁ ያለው ግን እዚህ ሲዲ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ማጫወቻችን ከተበላሸ ወዲህ በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩት፤ የሰው ማጫወቻ ይበላብኛል ብዬ ለማንም አልሰጥም። ዛሬ ልጄ፣ “የአባዬ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?” አለችኝ።

“ጉንፋን ሲይዝሽ ያንቺን።”

አልዋጥልሽ አላት። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ እንውሰደው አለች። ቆሽሾ ቢያየው አፍራለሁ ብዬ፣ የሚያብረቀርቀውን ጎን ለስላሳ ጨርቅ ላይ በጥንቃቄ ደፍቼ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ያደፈ ወረቀት በቢላ ፋቅሁት።

ጠጋኙ ሲዲውን ወደ አምፖሉ አነሳና በአንድ ዓይኑ አጮለቀ።

“እናቴ፣ በዚህ በኩል ይታዩኛል እኮ። ምን አድርገውት ነው?”

“አጸዳሁት።”

“ከማን ጋር ተጣልተው?”

ልጄ ሳቀች።

“ሰው ሁሉ የሚሳሳለት ይሄ የታችኛው ጎን ፕላስቲክ ነው፤ ቢጫርም ይወለወላል” አለ። “ቪዲዮው ያለው ከወረቀቱ ሥር፣ በዚህች ስስ ቅብ ላይ ነው። ቅቡ ከተነሳ እዚያ የነበረው አብሮ ሄደ። ሲዲ ደግሞ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚሞላው። እርስዎ የላጡት ጠርዙን ነው።”

“ጠርዙ ማለት…”

“መጨረሻው።”

ወንበር ሳበልኝ።

የተላጠው ቦታ ሲሽከረከር እንዳይሰፋ ፕላስተር ለጠፈበትና ማንበቢያው ውስጥ ከተተው፤ ፍጥነቱንም ቀነሰው። ስክሪኑ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች ይሞሉ ጀመር። የተነበበው አረንጓዴ፣ ያልተነበበው ቀይ ነው።

“ምንድነው የሚያጉረመርመው?” አልኩት።

“እየዞረ ነው።”

“ሊፈነዳ ነው እንዴ?”

“ከፈነዳ አብረን ነን፣ እናቴ።”

አረንጓዴው ቀጠለ። የአክስቴ ጭፈራ ሳይቀር ዳነ፤ እሱ እንኳን ቢቀር አላለቅስም ነበር። ከዚያ ቀይ። ቀይ። አሁንም ቀይ።

“ይኸው!” አልኩ። “በሕይወቱ ዝም በል ሲሉት የማይሰማ ሰውዬ፣ ዛሬ ተናገር ሲሉት አሻፈረኝ አለ።”

“እማዬ!”

“ውሸቴን ነው?”

ጠጋኙ ሲዲውን አውጥቶ ሌላ አሮጌ ማንበቢያ ውስጥ ከተተው። አንዱ ያቃተውን አንዳንዴ ሌላው ያነበዋል አለ፤ ወደ ቀዮቹ ብቻ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። አንዱ ቀይ አረንጓዴ ሆነ፤ ቆይቶ ሌላው። ጎረቤት ሱቆች መዝጋት ጀመሩ።

“ነገ ልቀጥለው?”

“ሌሊቱን ሱቅህ ቢቃጠልስ?”

“ኧረ አያሟርቱብኝ!”

ሱቁን ሳይዘጋ ተቀመጠ። በመጨረሻ፣ “ከዚህ በላይ አይሰጥም” ብሎ ከፈተው። ቬሎዬ ተቆራርጧል። የባለቤቴ ፊት ግማሹ አለ፣ ግማሹ ካሬ ካሬ ሆኗል። ከዚያ ድምፁ፦

“ኧረ ወዲያ በል! ሰው አፉ ሞልቶ ይቀረጻል እንዴ? ሙሽራዋን ቅረጻት! እሷ እንደሆነች ከጠዋት ጀምራ…”

ቆመ።

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

“ከዚያስ ምን አለ?”

“ከዚያማ ስለ እኔ ረጅም ንግግር አደረገ። በገዛ እጄ ፋቅሁት።”

“ምን ብሎ?”

“በዓለም እንደሷ ያለ ቆንጆ የለም አለ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ማን ያስተባብለኛል?”

ደግመን አየነው፤ ደጋገምነው። ጠጋኙ በአንድ ፍላሽ ሲገለብጥልን እኔ ሦስት አድርገው አልኩት፤ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይሰበራል። አልተከራከረኝም። መብራቱን አጥፍቶ አስወጣን፣ መዝጊያውን ወደ ታች ጎትቶ ቁልፉን ከረቸመው። እኔም ሳብ አድርጌ ሞከርኩት፤ ተቆልፏል።