ሰባ በመቶ

እህቴ በልደቷ ቀን ከሳሎን ተነሥታ የወጣችው ጠባሳዋ ስለታየ መስሎኝ ነበር። ይህን የተሳሳተ ፍቺ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ እውነት ይዤ ኖሬአለሁ። አርባ ዓመት የሞላችበትን በዓል ቀርጬ፣ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ የወረደውን የቃጠሎ ጠባሳ ቆዳ በሚያለሰልሰው ፊልተር አደብዝዤ፣ ስጦታ ነው ብዬ በቤተሰቡ ፊት አሳየሁ። ፊልተሩ አርባ በመቶ ላይ ነበር። ሳያልቅ ወጣች። እኔም ጅሉ በማግሥቱ ሰባ በመቶ አድርሼ መልሼ ላክሁላት። አንዲት ቃል አልመለሰችም፤ ውለታ ቢስ ሆነችብኝ ብዬ ተቀየምሁ።

ጠባሳው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ሥራ ነው። የእንፋሎት ቧንቧው መከለያ «ለጊዜው» ተብሎ ከተነሣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ መገጣጠሚያው ሲፈነዳ ከፊቱ የቆመችው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ፋብሪካው ሃያኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለ ሠራተኞቹ ደህንነት የሚያወሳ ፊልም አዘዘ፤ ሥራውም እኔ ፊልም በማቀናበር ለምሠራበት ስቱዲዮ ደረሰ። እህቴ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነችው ፊቷ እንዲታይ ብቻ ብላ ነው።

«አዲስ የገቡት ልጆች እዛው ማሽን ላይ ናቸው» አለችኝ። «መከለያው ዛሬም የለም። ሐሙስ ፊልሙን ለማየት አዳራሽ ሲሰበሰቡ ፊቴን ይዩት። ከዚያ በኋላ ማንም አይሸነግላቸውም።»

ማክሰኞ ጠዋት የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከወንበሬ ጀርባ መጥተው ቆሙ።

«ይቺ ሴትዮ ጉንጯ ላይ ያለውን ነገር አንሣላት።»

«ጋሼ፣ እህቴ ናት እኮ።»

«እንግዲያማ ይበልጥ! ለእህትህ ካላሳመርክ ለማን ልታሳምር ነው? ደግሞ የፋብሪካው ሰውዬ ደውሏል። እንዲያምር እንጂ እንዲያስደነግጥ አላዘዝንም ነው የሚለው።»

«ንግግሯስ?»

«ንግግሯን ማን ነካው? አንዲት ቃል ሳንቆርጥ ነው የምንሰጣቸው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ታዘዝሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ እጄ የለመደውን ሠራ። በጉንጯ ዙሪያ ክብ አሰመርሁ፤ ሶፍትዌሩ ጭንቅላቷ በዞረ ቁጥር ክቡን ይዞ እንዲከተላት አደረግሁ፤ የማለስለሻውን መጠን ከፍ፣ ጠርዙን ሳሳ አደረግሁ፤ ፊቷ ላስቲክ እንዳይመስልም ጥቂት ሻካራነት መልሼ ጨመርሁበት። ግሩም ሥራ ወጣው። ዛሬም ደሜን የሚያፈላው ይኸው ግሩምነቱ ነው።

ረቡዕ አንድ ቦታ ላይ ተበላሸ። እህቴ «መከለያው ቢኖር ይሄ አይደርስብኝም ነበር» ስትል እጇን አንሥታ ጠባሳውን ትነካለች። ጣቶቿ ጉንጯን ሲሸፍኑት ሶፍትዌሩ ፊቷ የቱ እንደሆነ ጠፋው፤ ክቡ ከእጇ ጋር ተጣብቆ ሄደ። ለዐሥራ ዘጠኝ ምስሎች፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ፣ ጣቶቿ እንደ ሻማ ለሰለሱ፤ ጠባሳው ግን ራቁቱን ወጣ። ይህን የሚያርመው እጅ ብቻ ነው፤ ምስል በምስል።

አንደኛውን አረምሁ። ሁለተኛውን አረምሁ። በሰባተኛው ላይ ጣቷ ጠባሳው የሚጀምርበትን ጠርዝ ይጫናል፤ በዐሥራ አንደኛው መንጋጋዋ ላይ ያርፋል። ሴትዮዋ እየዳበሰች አልነበረም፤ ድንበር እየለካች ነበር፤ ከዚህ እስከዚህ የፋብሪካው ሥራ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ከሥር ከሥሯ እየተከተልሁ እፍቃለሁ። ቃሏ አንድም ሳይጎድል «ይሄ» ትላለች፤ «ይሄ» የተባለው ግን የለም። ምንም ያልደረሰባት ሴት ደረሰብኝ እያለች ነው። ምስክርን ውሸታም ለማድረግ አፏን መዝጋት እንደማያስፈልግ፣ ጉንጯን ማለስለስ እንደሚበቃ፣ በገዛ እጄ እያሳየሁ ነበር።

በምሳ ሰዓቷ የፈቃድ ወረቀቱን ልትፈርም መጣች። ስክሪኑን አየችው።

«ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?» ሳቀች። «እንዲህ ያለ ጉንጭማ በዐሥራ ስድስት ዓመቴም አልነበረኝ። በብጉሬ በቆሎ እያልክ ስታበሽቀኝ አልነበር?» ሳቋ ደረቀ። «ልደቴም ላይ እንዲህ አደረግከኝ። ወንድሜ ካፈረብኝ ሌላው ምን ይበል ብዬ ዝም አልኩህ።»

«አላፈርኩብሽም! አሁንም ይታያል ብለሽ የተናደድሽ መስሎኝ ነው ሰባ ያደረግኩት።»

«ሰባ ምን?»

«ሰባ በመቶ።»

«ሰባ በመቶ!» ወረቀቱን ሳትፈርምበት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እና ሠላሳው ነኝ እኔ?»

ጋሼ ድምፅ ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፊልተሩን ላነሣው ነው» አልሁ።

«አብደሃል? ደንበኛ እኮ ነው!»

«ደንበኛው ንግግሯን ቁረጡልኝ ቢል ነውር ነው ይሉ ነበር፤ አይደል? ጉንጯን ቁረጡልኝ ሲል ግን ማሳመር ሆነ!»

«አትጩኽብኝ!»

«እጮኻለሁ! ይሄን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት አውቃለሁ!»

«እንግዲህ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ ወደ እህቴ ሳያዩ። «ሰውዬው ሲደውል ስልኩን ላንተ ነው የምሰጠው።»

«ይስጡኝ።»

እህቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በል፤ እያየሁህ» አለችኝ።

ፊልተሩን እሷ ካለችባቸው ዐሥራ አንድ ክሊፖች ላይ አንድ በአንድ ሰረዝሁ፤ ፊልሙን እንደተቀረጸ አወጣሁት፤ እስከ መጨረሻው አይታ ፈረመች። ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ድረስ ራሴ ይዤው ሄድሁ፤ ማንም እንዳያቋርጠውም እስኪያልቅ ከማጫወቻው አጠገብ ቆምሁ።